ሴቶችንና አዳዲስ ወጣቶችን ቀጠርን፣ አሠለጠንን፤ ግን አይቆዩም። ማህበሩም አልፈርምም ብሏል። ከየት ልጀምር?

ፈረቃ_ሦስት

ሰላም ለቤቱ። በአንድ የመሬት ውስጥ ማዕድን ማውጫ የሥልጠና ክፍሉን የምመራው እኔ ነኝ። ማኔጅመንቱ ትልቅ እቅድ ይዞ መጣ። የሴት ሠራተኛ ቁጥር ይጨምር፣ በማውጫው ዙሪያ ከሚኖረው ሕዝብ ወጣቶች ይቀጠሩ፣ ጉድጓድ ገብቶ የማያውቅ ሰውም ተምሮ ይግባ ተባለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የገባሁበት። ተቀጠሩ፣ ክፍል ውስጥ ተማሩ፣ ተፈተኑ፣ ሰርተፍኬት ወሰዱ፣ ፎቶም ተነሳን።

ችግሩ የመጣው ሥራ ቦታ ከተመደቡ በኋላ ነው። ዓመት ሳይሞላ ብዙዎቹ ለቀቁ። የቀሩትን ሴቶች ደግሞ የተማሩበት መሣሪያ ላይ ሳይሆን ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ቢሮና ጽዳት ውስጥ ተበትነው ነው ያገኘኋቸው። ማን መደባቸው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል። ወጣቶቹ በበኩላቸው ነባሮቹ አያናግሩንም፣ መሣሪያ አያስነኩንም ይላሉ። ነባሮቹ ደግሞ በርካሽ ሊተኩን ነው እያሉ ያጉረመርማሉ። ለሁለተኛው ዙር የሠራተኛ ማህበሩን ፊርማ ስንጠይቅ እምቢ አለ፤ ምክንያቱንም በደንብ አላስረዱኝም።

አለቆቼ የሚሉኝ "ለነባሮቹ ስለ ብዝኃነት የግማሽ ቀን ሥልጠና ስጣቸው፣ ይገባቸዋል" ነው። እኔ ግን በስላይድ የሚፈታ ነገር አልመሰለኝም። በዚህ ዘርፍ የሠራችሁ፣ ከማህበርም ከአስተዳደርም በኩል ያላችሁ፣ ምን ትሉኛላችሁ? መጀመሪያ የቱን ልንካ?

ድሪለሩ

ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የቡድኑ ቦነስ የሚሰላው እንዴት ነው?

ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ቦነስ የሚከፈለው ቡድኑ በወሩ በቆፈረው ሜትር ወይም ባወጣው ቶን ነው፣ ከዚያ ለአባላቱ ይካፈላል። አሁን አንተ አንድ ጀማሪ ትጨምርበታለህ። ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ግን ለጊዜው እጁ ቀርፋፋ ነው። ቀርፋፋ መሆንም አለበት፤ ድሪል (የድንጋይ መቦርቦሪያው) ላይ የሚቸኩል ጀማሪ ራሱንም ጎረቤቱንም ነው የሚጎዳው። ድሪለሩ ሥራውን አቁሞ ማሳየት አለበት፣ አንዳንዴ አንዱን ቀዳዳ ሁለቴ መጀመር አለበት፣ ሜትሩ ይቀንሳል፣ ተካፋዩ ደግሞ በአንድ ሰው ጨምሯል። እንግዲህ ማኔጅመንቱ ስብሰባ ላይ ያጨበጨበለትን እቅድ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ሆነ? ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ያውም ሳይጠየቁ።

ከዚያ ሴት ስትሆን "ሴት ስለሆነች ነው" ይባላል፣ የመንደሩ ልጅ ሲሆን "ሥራ አይወድም" ይባላል፣ ከሌላ አገር የመጣ ሲሆን ደግሞ ሌላ ስም ይወጣለታል። ንቀቱ የለም አላልኩም፣ አለ፣ በደንብ አለ። ግን የቦነሱ አሠራር ለንቀቱ በየወሩ ደመወዝ ይከፍለዋል። አንተ የግማሽ ቀን ስላይድ ብታሳየው በወሩ መጨረሻ የሚያየው የደመወዝ ወረቀቱን ነው።

እኔ የሠራሁበት አንድ ቦታ ያስተካከሉት እንዲህ ነው። ተለማማጁ በሥልጠና ላይ እስካለ ድረስ ከቡድኑ ተካፋይ አይቆጠርም፣ የራሱን ደመወዝ ከሥልጠና በጀት ያገኛል። ቡድኑ ተለማማጅ በያዘባቸው ወራት ቦነሱ ካለፉት ወራት አማካይ በታች አይወርድም። የሚያስተምረው ሰው ደግሞ የአሠልጣኝ አበል አለው፤ የአበሉ ግማሽ የሚከፈለው ግን ተለማማጁ ጉድጓድ ውስጥ በተግባር ተፈትኖ ሲያልፍ ነው። ይህ ከሆነ በኋላ "ለእኔ ስጡኝ" የሚሉ አዛውንቶች መጡ። ሰዎቹ ተቀይረው አይደለም፣ ያው እነሱው ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቦነሱ በሜትር ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የሚዘለለው ልል ድንጋይ ከጣሪያ ማውረድ ነው፣ ምክንያቱም ጊዜ ይበላል ሜትር ግን አይሰጥም። ጀማሪው ደግሞ የሚማረው ያየውን ነው። ክፍል ውስጥ "ሳትፈትሽ አትግባ" ብለህ ያስተማርከውን ጉድጓድ ውስጥ በአንድ ፈረቃ ያስረሱታል።

ቢጫ_መኪና

ድሪለሩ ያለው ልክ ነው ግን ግማሹን ነው የተናገረው። እኔ ገልባጭ መኪና ላይ ጀምሬ በኋላ መሬት ውስጥ የገባሁ ሴት ነኝ። ለምን እንደሚለቁ ልንገርህ፣ መልቀቂያ ቅጽ ላይ "የግል ጉዳይ" ብለው የሚጽፉት እነሱ ናቸውና።

መጀመሪያ ልብሱ። ቡቱ ትልቅ፣ ጓንቱ ትልቅ፣ ቱታው አንድ ወጥ ስለሆነ ለሽንት ሙሉውን ማውለቅ ያስፈልጋል። ከፍታ ላይ የሚታሰረው የመውደቂያ ቀበቶ ለወንድ ደረትና ዳሌ የተሰፋ ነው። ይህ የምቾት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ጓንት ሲተልቅ የሚሽከረከር ነገር ይይዘዋል። የአቧራ መከላከያው ጭምብል ጠርዙ ፊት ላይ ካልገጠመ የሲሊካ አቧራው፣ ማለትም የድንጋዩ ብናኝ፣ በጎን ይገባል፣ ሳንባ ውስጥ ከገባ ደግሞ አይወጣም። በነገራችን ላይ ይህ ጭምብል ለጺማም ወንዶችም አይገጥምም፣ ስለዚህ በየሰዉ ፊት እየለኩ መፈተሽ ለሁሉም ነው የሚጠቅመው። "ትንሽ ቁጥር የሚያመጣ አቅራቢ የለም" የሚለውን መልስ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ለማሽኑ መለዋወጫ ከዓለም ጫፍ ያስመጣሉ አይደል እንዴ።

ሁለተኛው መጸዳጃ ቤት ነው። መሬት ውስጥ የሴት መጸዳጃ ከሌለ ሴቶች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ? ውሃ አይጠጡም። ሙቀት ባለበት ጉድጓድ ሙሉ ፈረቃ ውሃ ሳትጠጣ የምትሠራ ሴት ከባድ ማሽን ይዛለች። ይህን የደህንነት ስብሰባ ላይ ያነሳ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፣ እኔ እስካነሳው ድረስ።

ሦስተኛው ያው የሚታወቀው ነው። በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው) የማዕድን ኩባንያው ሪዮ ቲንቶ ያስጠናውን ጥናት ራሱ በይፋ አወጣ። ጥናቱን የመራችው የአውስትራሊያ የጾታ መድልዎ ኮሚሽነር የነበረችው ኤሊዛቤት ብሮድሪክ ናት። ባለፉት አምስት ዓመታት ከሴት ሠራተኞቹ 28 በመቶ ያህሉ ጾታዊ ትንኮሳ ደርሶብናል ብለዋል። ከጠቅላላው ሠራተኛ ግማሽ የሚጠጋው ማንጓጠጥና ማስፈራራት ደርሶብኛል ብሏል፣ ወንዶችም ጭምር ማለት ነው። 21 ሴቶች የመድፈር ወይም የወሲብ ጥቃት፣ ወይም የዚህ ሙከራ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ይህ ገንዘብ ያለው፣ ፖሊሲው በሙሉ የተጻፈለት ትልቅ ኩባንያ ነው። ያንተ ማውጫ ውስጥ ቅሬታ አልቀረበም ማለት ነገሩ የለም ማለት አይደለም። ቅሬታው የሚቀርበው ለፈረቃ አለቃው ከሆነና የሚያስቸግራት ደግሞ እሱ ራሱ ወይም ጓደኛው ከሆነ የት ትሂድ? በተለይ ካምፕ ውስጥ ተኝታ የምትሠራ ከሆነ፣ ከሥራ በኋላም የምትበላውና የምትተኛው ከዚያው ሰው ጋር በአንድ ግቢ ነው።

ፍርድ ቤት አለ እንዳትሉኝ። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ሎይስ ጄንሰን የብረት ማዕድን ማውጫ ውስጥ በ1975 ተቀጠረች። የእሷና የጓደኞቿ የጋራ ክስ በ1988 ተከፈተ፣ በስምምነት ያለቀው በ1998 መጨረሻ ነው። አሸነፉ እንበል፣ ግን ዕድሜያቸው ነው ያለቀው።

ስለዚህ ወንድሜ ሁለተኛውን ዙር ከመቅጠርህ በፊት የለቀቁትን ደውለህ ጠይቃቸው። አንተ አትደውል፣ ሴት ትደውል፣ ከኩባንያው ውጭ የሆነች ብትሆን ደግሞ ይሻላል። የሚሉህን ሳትሰማ ሌሎች ሴቶችን እዚያው ቦታ መክተት ነውር ነው።

አንዲትን ሴት ብቻዋን አንድ ፈረቃ ላይ አትመድብ። ሁለት ሦስት ሆነው ይግቡ። ቁጥሩን ለማሳመር በየፈረቃው አንድ አንድ መበተን ለሪፖርት ያምራል፣ ለሷ ግን ሲኦል ነው።

እውነቱን_ልናገር

ስድብ ሊመጣብኝ ነው ግን ልናገር። ጉድጓድ ጉልበት ይጠይቃል፣ ሌሊት ይጠይቃል። ብቃት ያለው ይቀጠር፣ ወንድ ይሁን ሴት ለምን ቁጥር እናወጣለን? ድሮ ሴት መሬት ስር አትገባም የተባለው እኮ ለራሷ ታስቦ ነው።

ቢጫ_መኪና

@እውነቱን_ልናገር ለራሷ ታስቦ ነው ያልከውን ትንሽ ልፈታልህ። እንግሊዝ በ1842 ባወጣችው ሕግ ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች ከሰል ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይሠሩ ከለከለች። የሕፃናቱ መከልከል ግልጽ ነው። ሴቶቹ ግን በማግስቱ ሀብታም አልሆኑም፤ ብዙዎቹ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ከሰል እየለቀሙ በአነስተኛ ክፍያ ሲሠሩ ኖሩ። አቧራው ያው፣ ብርዱ ያው፣ ገንዘቡ ያነሰ። ቀጥሎ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1935 ስምምነት ቁጥር 45ን አወጣ፣ ማንኛዋም ሴት በማዕድን ማውጫ መሬት ውስጥ ሥራ እንዳትቀጠር የሚል። የተፈቀደላቸው እነማን እንደነበሩ ታውቃለህ? በእጃቸው የማይሠሩ ሥራ አስኪያጆች፣ የጤናና የማህበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች፣ ለትምህርታቸው ልምምድ የሚገቡ፣ አልፎ አልፎ ለጉልበት ላልሆነ ሥራ የሚወርዱ። ጋዙና የጣሪያው መደርመስ ለሐኪሟ አያስፈራም፣ ለሠራተኛዋ ብቻ ነው የሚያስፈራው ማለት ነው። የተዘጋባት ደመወዝ የሚከፈልበት ቦታ ነው። ይህን ስምምነት ድርጅቱ ራሱ በ2024 ሙሉ በሙሉ ሽሮታል።

ጉልበቱን በተመለከተ፣ እኔ የምነዳው መኪና ጎማው ከአንተም ከእኔም ቁመት ይበልጣል። መሪውን የሚያዞረው ሃይድሮሊክ ነው፣ ክንድ አይደለም። በእጅ የሚያዝ ድሪል ባለበት ጠባብ ጉድጓድ ጉልበት ያስፈልጋል፣ እውነት ነው፣ ያን ጊዜ ለሁሉም እኩል ፈተና ይሰጥ፣ ያለፈች ትግባ ያላለፈ ወንድም ይቅር።

ግን ደግሞ "ሴት ሹፌር ገር ናት፣ ጎማና ፍሬን አትጨርስም" እያሉ ሴት የሚቀጥሩትንም አልወድም። ምስጋና ይመስላል። አንዷ አንድ ቀን ጎማ ካፈነዳች ሁላችንም ተመዘንን ማለት ነው።

የማህበር_ሰው

ለጠያቂው። ማህበሩ ለምን አልፈረመም ላልከው፣ እኔ ያንተን ማህበር አላውቅም፣ ግን ከዚህኛው ወንበር የሚታየውን ልንገርህ።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የእኛ የመጀመሪያ ጥያቄ ጾታው ወይም ሰፈሩ አይደለም፣ በየትኛው ውል ነው የገባው የሚለው ነው። አዲሶቹን በቋሚነት ነው የቀጠራችኋቸው ወይስ በኤጀንሲ? የደመወዝ እርከናቸው ከነባሩ ጋር አንድ ነው? በህብረት ስምምነቱ ይሸፈናሉ? ከነዚህ አንዱ "አይ" ከሆነ ነባሩ "በርካሽ ሊተኩን ነው" ሲል ቅዠት አይደለም፣ በትክክል አንብቦታል። ቺሊ ውስጥ ኤስኮንዲዳ የመዳብ ማውጫ በ2017 ከ40 ቀን በላይ ሥራ ተቋርጦ ነበር። ዋና ከነበሩት ጉዳዮች አንዱ አዲስ የሚቀጠሩት ሰዎች የነባሮቹን ጥቅማ ጥቅም ያግኙ አያግኙ የሚለው ነው። ገና ላልተቀጠረ ሰው ጥቅም ብሎ ከሥራ ቀርቶ መቆም ለውጭ ሰው ግራ ሊገባው ይችላል፤ ለኛ ግን አንድ ሥራ ሁለት ዋጋ ካለው ነገ ርካሹ ብቻ እንደሚቀር ግልጽ ነው።

አሁን የራሳችንን ጉድ ደግሞ ልንገርህ። ለዚህ ፍርሃት ሁለት መልስ አለ። አንደኛው "ማንም ይግባ፣ ግን ደመወዙ እኩል ይሁን" ማለት ነው። ሁለተኛው በሩን መዝጋት ነው፣ ማህበራት ደግሞ በታሪክ ይህንን ብዙ ጊዜ መርጠዋል። ደቡብ አፍሪካን እይ። የወርቅ ማውጫዎቹ በ1922 ነጭ ሠራተኞችን በርካሽ በሚከፈላቸው ጥቁሮች ሊተኩ ሲነሱ የነጮቹ ማህበር የመረጠው በሩን መዝጋት ነው። ነገሩ ደም ፈሰሰበት፣ መንግሥት ጦር አዘመተባቸው፣ ከዚያም በ1926 ሕግ መጣና የብቃት ሰርተፍኬት በዘር ተከለለ። ልብ በል፣ "ጥቁር ፈንጂ አያፈንዳ" ሲባል የተሠራበት መሣሪያ ሥልጠናና ሰርተፍኬት ነው። ሥራውን በተግባር የሚያውቀው ሰው ወረቀት እንዳያገኝ ተደረገ፣ ወረቀቱን የያዘው አለቃ ሆነ። ይህ ክልከላ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ቆየ።

ስለዚህ ማህበርህ አልፈርምም ሲል ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እወቅ። እኩል ውል ጠይቀው ተከልክለው ከሆነ እውነት አላቸው። ሴትና እንግዳ አንፈልግም ከሆነ ግን ያው የ1922ቱ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ኮሚቴ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው። እኩል ውል በጽሑፍ ስትሰጥ የመጀመሪያዎቹ ወዳንተ ይመጣሉ፣ ሁለተኞቹ ምክንያት አጥተው ይጋለጣሉ። ሳትሰጥ ግን ሁለቱም አንድ ድምፅ ናቸው።

ደግሞ ማህበሩ ራሱ ማንን እንደሚወክል ተመልከት። እዚያው ደቡብ አፍሪካ፣ ማሪካና በ2012 የፕላቲነም ማውጫ ድሪል ሠራተኞች 12,500 ራንድ ደመወዝ ብለው ሲነሱ በነባሩ ማህበር በኩል አይደለም የሄዱት፣ ማህበሩ ከኛ ርቆ ከደህና ተከፋዮቹና ከአስተዳደሩ ጋር ሆኗል ብለው ትተውት ነው። ነሐሴ 10 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 16፣ ፖሊስ ተኩሶ 34 ሰው ገደለ፤ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናትም ጠባቂዎችንና ፖሊሶችን ጨምሮ 10 ሰው ሞቶ ነበር። አሁንም ስለሱ ስጽፍ ልቤ ይከብዳል። እዚያ የነበረው ጥያቄ የደመወዝ ብቻ አልነበረም፣ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ያለውን ሰው የሚሰማ አለ ወይ የሚል ነበር። የኛ ኮሚቴዎች ውስጥ ስንት ሴት አለች? በኤጀንሲ የተቀጠረስ? ብዙ ቦታ መልሱ ዜሮ ነው። ይህን የምለው ማህበርተኛ ሆኜ ነው።

አሮጌው_አሠልጣኝ

ውሉም ቦነሱም ተባለ፣ እኔ ወደ ሙያዬ ልመለስ። ሠልጥነዋል ስትል ስንት ሰዓት? አሜሪካ ከ1977ቱ የማዕድን ደህንነት ሕግ ጀምሮ መሬት ውስጥ የሚገባ አዲስ ሠራተኛ ቢያንስ 40 ሰዓት፣ ላይ የሚሠራ 24 ሰዓት፣ ከዚያ ሁሉም በየዓመቱ 8 ሰዓት ማደሻ ይወስዳል። ጊዜው የሥራ ሰዓት ነው፣ ክፍያውም መደበኛው ደመወዝ ነው። ይህ ትንሹ ነው እንጂ ትልቁ አይደለም። በአርባ ሰዓት ሰው ጉድጓድ ገብቶ በሕይወት እንዴት እንደሚወጣ ይማራል፣ ሙያ አይማርም። ሙያው በወራት፣ አንዳንዱም በዓመታት ነው የሚመጣው፣ ያውም በሰው እጅ ሥር። "ያለ ክፍያ ሠልጥነህ ና፣ ከዚያ እናያለን" የሚባልበት ቦታ ደግሞ የሚመጣው ቤተሰብ የሚደግፈው ብቻ ነው። ድሃውና ልጅ ያላት ሴት በር ላይ ይቀራሉ፣ ከዚያ "አመልካች አጣን" ይባላል።

ፈተናው በምን ቋንቋ ነው? ይህን ማንም አላነሳውም፣ እኔ ግን ብዙ ልጅ በዚህ ሲወድቅ አይቻለሁ። የደቡብ አፍሪካ ማውጫዎች ከየአገሩ የመጣውን ሠራተኛ ለማግባባት ፋናጋሎ የሚባል ድብልቅ ቋንቋ ይጠቀሙ ነበር፣ አብዛኛው ቃሉ ከዙሉ የመጣ። ለትእዛዝ ይመቻል፣ አንሳ፣ አስቀምጥ፣ ሂድ ለማለት። ሠራተኛው ግን "ጣሪያው ድምፁ አላማረኝም፣ ትናንት ያልነበረ ስንጥቅ አይቻለሁ" ብሎ ወደ ላይ ማስረዳት ሲፈልግ ያ ቋንቋ የተሠራው ለዚያ አይደለም። ብዙዎችም የንቀት ቋንቋ ነው ብለው ይጠሉት ነበር። ያንተ ልጆች የአደጋ ምልክቱን ማንበብ ብቻ ሳይሆን አደጋውን መናገርም መቻል አለባቸው፣ በሬዲዮ፣ በጩኸት መሃል፣ ላልለመዱት አለቃ። ጽሑፍ ያልለመደ ሰው ካለ በቃልና በተግባር ፈትነው። የጣሪያውን ድጋፍ እንዴት እንደሚያቆም እያየኸው ማወቅ ትችላለህ፣ አራት ምርጫ ያለው ወረቀት ምን ይሠራልሃል?

ክፍል ውስጥ የሚዘለለው ደግሞ መብቱ ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 176፣ የ1995ቱ የማዕድን ደህንነትና ጤና ስምምነት፣ ሠራተኛው ሕይወቴን ያሰጋኛል ብሎ በበቂ ምክንያት ካመነበት ቦታ ራሱን የማውጣት መብት እንዳለው ይናገራል፣ የደህንነት ተወካዮቹንም ከጓደኞቹ ጋር የመምረጥ መብት አለው። ሥልጠናው ላይ ይህን በተግባር አለማምዳቸው። እኔ አስመሳይ አለቃ ሆኜ "ግባ፣ ጊዜ የለም" እያልኩ እጮህባቸዋለሁ፣ እነሱ "አልገባም፣ ምክንያቱ ይህ ነው" ማለትን ይለማመዳሉ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ አንዳንዱ ላቡ ይመጣል፣ አለቃን እምቢ ብሎ አያውቅማ። ጀማሪ ስትሆን፣ በዚያ ላይ ሴት ወይም መጤ ስትሆን፣ "ፈራች" እንዳይባል ብለህ የምትገባበት ጉድጓድ አለ። ይህን ሳትለማመድ ሰርተፍኬት የያዘችን ልጅ ገና አልሠለጠነችም እላለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ። ማሽኑ እየተቀየረ ነው። ሪዮ ቲንቶ አውስትራሊያ ውስጥ ፒልባራ ያሉትን የብረት ማውጫዎች 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ካለችው ከፐርዝ ከተማ ሆኖ መቆጣጠር ከጀመረ ቆይቷል፣ ሹፌር የሌላቸው ገልባጮችም እዚያ ይሠራሉ። ስለዚህ "የአካባቢውን ልጅ ሹፌር እናደርጋለን" ብለህ ቃል ስትገባ ሥራው በአሥር ዓመት ውስጥ የት እንደሚሆን አለቆችህን ጠይቃቸው። ጥገና፣ ኤሌክትሪክ፣ ሴንሰር፣ እዚህ ላይ አሠልጥን። መሣሪያው ያለበት ቦታ የሚቀረው ሥራ እሱ ነው።

ፈረቃ_ሦስት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ዛሬ ያጣራሁትን ልንገራችሁ። አዲሶቹ በሙሉ በኤጀንሲ ውል ነው የገቡት፣ እርከናቸውም ከነባሩ ሁለት ደረጃ ዝቅ ይላል። ቦነሱ ደግሞ ድሪለሩ እንዳለው በሜትር ነው፣ ተለማማጁም ይቆጠራል። የማህበሩን ሊቀመንበር ለብቻው አግኝቼው "በስብሰባው ላይ ውሉን አሳዩን ብለን ነበር፣ አላሳዩንም" አለኝ። እኔ እንዲህ ብለው መጠየቃቸውንም አላውቅም ነበር።

አሁን ጭንቀቴ ይህ ነው። ውል መቀየር የኔ ሥልጣን አይደለም። አለቆቼ በዓመቱ መጨረሻ የሚጠይቁኝ የሠለጠነ ሰው ቁጥር ነው። ሁለተኛውን ዙር ላቁም ወይስ እየሠራሁ ልታገል? ሌላው፣ የቅሬታውን ነገር ቢጫ_መኪና ካነሳችው በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣም፣ በኔ አቅም ምን ማድረግ ይቻላል?

የማህበር_ሰው

ዙሩን አታቁም፣ ግን አሳንሰው። ብዙ ሰው አሠልጥነህ ከምትበትን ጥቂት ሰው ይዘህ አንድ ፈረቃ ላይ በቋሚ ውል አስሞክር። ለአለቆችህ በመብት ቋንቋ አታውራ፣ ሰው ባሠለጠናችሁ ቁጥር ዓመት ሳይሞላ ሲለቅ የሥልጠናው ወጪ የት እንደሚገባ በሠንጠረዥ አሳያቸው። የሚጠይቁህንም ቁጥር አስቀይር፤ "ስንት ሠለጠነ" ሳይሆን "ከሠለጠነው ስንቱ ከዓመት በኋላ በሠለጠነበት ሥራ ላይ አለ" ይሁን። ግምጃ ቤት የተመደበችው ልጅ በዚህኛው ቁጥር ውስጥ አትገባም፣ ያኔ ማን መደባት የሚለው ጥያቄ ባለቤት ያገኛል።

ሊቀመንበሩን ደግሞ ስለ ሥልጠናው ሊፈርም ብቻ አትጥራው፣ ምልመላው ላይ ይቀመጥ፣ የተግባር ፈተናው ላይም ማህበሩ አንድ ፈታኝ ይላክ። ራሱ ያሳለፈውን ሰው በኋላ "አይችልም" ማለት ይከብደዋል።

ቢጫ_መኪና

ቅሬታውን በተመለከተ። ከፈረቃ አለቃ ውጭ የሆነ መንገድ ያስፈልጋል፣ ስልክ ይሁን ሰው፣ ዋናው ለማምረቻ ክፍሉ ተጠሪ አለመሆኑ ነው። ቅሬታ ያቀረበችውን "ለደህንነትሽ ብለን ቀየርንሽ" ብሎ ወደ ቢሮ ማዛወር ይከልከል፣ የሚዛወረው የተከሰሰው ይሁን፣ እስኪጣራ ድረስ ደመወዙ እንደተጠበቀ። ይህን የህብረት ስምምነቱ ውስጥ አስገቡት፣ መመሪያ አለቃ ሲቀየር ይቀየራል። የተከሰሰውም የማህበር አባል ስለሚሆን ማህበሩ ለሁለቱም የተለያየ ሰው ይመድብ፣ አለበለዚያ ሁልጊዜ ለነባሩ ያደላል። አለቆችህ ለምን ካሉህ የሥራ ቦታ ጥቃትና ትንኮሳን የሚመለከተው ስምምነት ቁጥር 190 ከ2019 ጀምሮ አለ፣ በኤጀንሲ የሚሠሩትንና ሠልጣኞችን ሁሉ ነው የሚሸፍነው፣ የካምፕ መኝታውንም ጭምር።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። መጸዳጃ ቤቱና ትንንሾቹ ቡቶች ግን ስምምነት አያስፈልጋቸውም፣ የግዢ ማዘዣ ነው የሚያስፈልጋቸው። ነገ ጠዋት ሙላው፣ ማን እንደሚፈርምና ማን እንደማይፈርም እዚሁ ንገረን።